ርእሱ የአለቃ፥ ታሪኩ የሠራተኛ

(ስለ ፊልም ፕሮዲውሰሩ ስለ ቫል ሉተን፥ በተማሪዎች ማኅበር የፊልም ክበብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ምሽት ፕሮግራም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ለክበባችን የደረሰው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ «እሰይ፥ አንድ ጊዜ እንኳ የሚያስደነግጥ ነገር ልናይ ነው» ብለዋል። ሌሎቹ ደግሞ፥ ከነሱም መካከል የምናከብራቸው አንድ መምህር ይገኙበታል፥ ታላላቅ የሲኒማ ሥራዎች ሞልተው ሳለ ስለ ዞምቢ የሚያወራ ርካሽ ፊልም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማሳየት ምን ይጠቅማል ሲሉ ወቅሰውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት መልስ ለመስጠት ተነሥተናል። ፊልሙ ርካሽ ነው በመባሉ አንከራከርም። ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ርካሽ እንዲሆን ታዝዞ የተሠራ ነው። ልንነግራችሁ የምንፈልገው ስለዚሁ ርካሽነትና በዚያ ውስጥ ስለ ሠራ ስለ አንድ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገበያው ጥቂት እንበል፤ ገበያውን ያላወቀ ሰውየውን አያውቀውምና።

በ1930ዎቹ ዓመታት (በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) አሜሪካን አገር በከባድ የኤኮኖሚ ድቀት ተይዛ ሳለ የሲኒማ ቤቶች ወንበር ባዶውን ማምሸት ጀመረ። ባለ ሲኒማ ቤቶቹ ሰው ለመሳብ የያዙት ዘዴ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ነበር። አንደኛው ስመ ጥር ተዋንያን ያሉበት፥ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነው፤ «ኤ» ይሉታል። ሁለተኛው አጭር፥ በጥቂት ወጪ የተሠራ፥ የምሽቱን ሰዓት የሚሞላ ነው፤ እሱን «ቢ» ይሉታል። በዚያን ጊዜ ፓራማውንት፥ ሜትሮ ጎልድዊን ማየር፥ ፎክስ፥ ዋርነርና አር ኬ ኦ የተባሉት አምስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች ፊልሙን መሥራት ብቻ ሳይሆን የሚታይባቸውንም አዳራሾች በብዛት በእጃቸው ይዘው ነበር። አራሹም፥ ወፍጮውም፥ ጋጋሪውም እነሱው ነበሩ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው አንድ የሂሳብ ነገር አለ። «ኤ» የተባለው ፊልም ለሲኒማ ቤት የሚከራየው ከገቢው በመቶ ይህን ያህል እየተባለ ነበር፤ ሕዝብ ከወደደው ኩባንያው ይከብር ነበር። «ቢ» ግን በአብዛኛው የሚከራየው በቁርጥ ዋጋ ነበር። ሕዝብ ቢወደውም ባይወደውም ኪራዩ ያው ነው። ኪራዩ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ እንግዲህ ትርፍ የሚገኘው ከየት ነው? ከቁጠባ ብቻ ነው። ፊልሙ በመልካም መሠራቱ ለኩባንያው የሚጨምርለት እምብዛም ነገር የለም፤ በርካሽ መሠራቱ ግን ይጨምርለታል። ስለዚህ ፕሮዲውሰር፥ ይኸውም ገንዘቡን ይዞ ደራሲውንና ዲሬክተሩን የሚመርጠው፥ ሥራውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመራው ሰው፥ በ«ቢ» ክፍል ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ቆጣቢ መሆን ነበረበት። በዋርነር ኩባንያ የ«ቢ» ፊልሞችን ይመራ የነበረው ብራያን ፎይ አንዱን ታሪክ ስምና ቦታ እየለወጠ ደጋግሞ በመሥራት የታወቀ ሰው ነው። ማንም አልከሰሰውም፤ ታሪኩ የኩባንያው ንብረት ነበርና።

ቫል ሉተን የገባው በዚህ ገበያ ነው።

ሉተን በ1904 በመስኮብ ግዛት፥ በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው በያልታ ተወለደ። የቤቱ ስም ቭላዲሚር ሌቬንቶን ነበር። እናቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ በ1909 ወደ አሜሪካን አገር ተሻገረች፤ እዚያም እኅቷ አላ ናዚሞቫ ቀድማ ገብታ በትያትር ታላቅ ስም አግኝታ ነበር። ልጁ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተማረ፤ ከዚያም ለእንጀራው ሲል ያልጻፈው ነገር የለም። የጋዜጣ ወሬ፥ ግጥም፥ ልብ ወለድ፥ በሜትሮ ጎልድዊን ማየር የኒው ዮርክ ቢሮ ደግሞ የፊልም ማስታወቂያ ጽፏል። በ1932 ያሳተመውን አንድ ልብ ወለድ የፓራማውንት ኩባንያ ገዝቶት ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻ የተጠቀመው በርእሱ ብቻ ሲሆን፥ እሱንም ለውጦታል። ይህን በኋላ ለምንናገረው ነገር ያዙልን።

ቀጥሎ ለዴቪድ ሴልዝኒክ፥ በሆሊውድ ከነበሩት ታላላቅ ፕሮዲውሰሮች ለአንደኛው፥ የታሪክ መራጭና የጽሑፍ አራሚ ሆኖ ለስምንት ዓመት ያህል ሠራ። ቢሮው የሚደርሰውን መጽሐፍና ጽሑፍ ሁሉ አንብቦ ይሆናል ወይም አይሆንም ብሎ ለአለቃው የሚያስረዳ፥ ሌላው የጻፈውን ሌሊት ተቀምጦ የሚያቃና፥ ስሙ ግን በፊልሙ ላይ የማይወጣ ሠራተኛ ነበር። በ1935 በወጣው «የሁለት ከተሞች ወግ» ውስጥ ሕዝቡ የባስቲልን እስር ቤት የሚሰብርበትን ክፍል ያዘጋጁት እሱና ዣክ ቱርነር የተባለ ፈረንሳዊ ናቸው። ስለ 1939ኙ «ነፋስ ይዞት የሄደ» ደግሞ እንዲህ ይነገራል፦ በአትላንታ ባቡር ጣቢያ ብዙ ሺህ ቁስለኞች መሬት ላይ ተኝተው የሚታዩበትን ክፍል ሉተን የጻፈው ሴልዝኒክ በወጪው ደንግጦ እንደሚተወው በመቍጠር፥ እንደ ቀልድ ነበር። ሴልዝኒክ ግን ወደደውና አስነሣው። እውነት ከሆነ፥ ሉተን የብዙ ገንዘብን ኀይል ከማንም በቅርብ አይቷል ማለት ነው።

በ1942 የአር ኬ ኦ ኩባንያ ካዝና ተራቁቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ኦርሰን ዌልስ የተባለው ወጣት «ሲቲዝን ኬን»ን ሠርቶለት ሊቃውንት ቢያደንቁለትም የወጣው ገንዘብ በጊዜው ሳይመለስ ቀረ፤ ቀጥሎ የሠራው የአምበርሰን ቤተ ሰብ ታሪክም ዌልስ በሌለበት ተቈራርጦ ወጣና ከሰረ። የኩባንያው ሹማምንት ተሻሩ፤ በሲኒማ ቤት አስተዳደር ያደገው ቻርልስ ከርነር የፊልም ሥራው የበላይ ሆነ። የኩባንያው አዲስ መፈክር «በሊቅነት ፈንታ የማሳያ ብልኀት» የሚል ነበር፤ ለማን የተወረወረ ድንጋይ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ ከድራኩላና ከፍራንከንስታይን የሚያፍሰውን ትርፍ ያየው አር ኬ ኦ እሱም የሚያስፈራ ፊልም የሚሠራ አነስተኛ ክፍል አቋቋመ። ሉተን በሳምንት 250 ዶላር እየተከፈለው የዚህ ክፍል ሹም ሆነ።

ሦስት ትእዛዝ ተሰጠው። እያንዳንዱ ፊልም ከ150,000 ዶላር በላይ እንዳይፈጅ፤ ርዝመቱ ከ75 ደቂቃ እንዳያልፍ፤ ርእሱን የሚያወጣው ቢሮው እንጂ እሱ እንዳይሆን። ሦስተኛው ትእዛዝ የሚያስቅ ነው። ቢሮው ርእሱን በተመልካች ዘንድ እየፈተነ ጆሮ የሚስበውን መርጦ ይልክለታል፤ ታሪክ ግን የለውም። ልጅ ሳይረገዝ የክርስትና ስም እንደ ማውጣት ነው።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ወይ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፥ ወይም «ደመወዜን እስካገኘሁ ምን ቸገረኝ» ብሎ የተባለውን ያመርታል። ሉተን ከሁለቱም አልሆነም። በትእዛዞቹ ውስጥ የሌለውን ነገር አስተዋለ። ስለ ገንዘብ ተነግሮታል፤ ስለ ደቂቃ ተነግሮታል፤ ስለ ርእስ ተነግሮታል። ከርእሱ በታች ስለሚገባው ነገር ግን ማንም ምንም አላለም፤ ምክንያቱም በቁርጥ ዋጋ ለሚከራይ ፊልም ከርእሱ በታች ያለው ነገር አያሳስብም ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ርእስ «የድመት ሰዎች» የሚል ነው። ከዚህ ርእስ የሚጠበቀው ጥፍርና ጠጉር ያበቀለ ሰው በጨረቃ ብርሃን ሲያጓራ ማየት ነው። ሉተን፥ ደራሲው ዴዊት ቦዲንና ዲሬክተር ሆኖ የመጣው የጥንት ጓደኛው ቱርነር ያወጡት ታሪክ ግን ሌላ ሆነ። ኢሬና የምትባል ከሰርቢያ የመጣች ሠዓሊ በኒው ዮርክ ትኖራለች። አንድ አሜሪካዊ ወዶ ያገባታል። እሷ ግን ባሏ ካቀፋት ወደ ግሥላ ተለውጣ የምትገድለው ይመስላታል፤ በመንደሯ ሲወራ የሰማችው ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ሲባል እየሰማ ያደገ የአገራችን ተማሪ የዚህችን ሴት ፍርሃት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግ ነው፥ ነገር ግን በሕይወቱ አንድም ቀን ተጨንቆ የማያውቅ ስለ ሆነ ጭንቀቷን ተረት ነው ይላታል። ወደ አእምሮ ሐኪም ይልካታል፤ ሐኪሙም አያምናትም። እኛ እንደሚመስለን ፊልሙን የሚያስፈራው ግሥላው ሳይሆን፥ ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ደግ ሰው መካከል ብቻዋን መቅረቷ ነው።

ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ጥቂት እንንገራችሁ፤ ለትያትር ክፍላችን ጓደኞችም ይጠቅማል። ኢሬና የምትኖርበት ቤት ያ ግርማ ያለው ደረጃ ለአምበርሰኖች ፊልም በብዙ ገንዘብ ተሠርቶ የቀረው ነው፤ የከሰረው ፊልም ለድሃው አወረሰው። ግሥላውን በግልጽ ማሳየት ገንዘብም ይጠይቃል፥ ቢታይም ያው እንስሳ ነው። ስለዚህ አልታየም ማለት ይቻላል፤ ከበላይ «ይታይ» የሚል ትእዛዝ በመጣበት ስፍራ እንኳ ከጨለማ ጋር ተቀላቅሎ እንዲያልፍ ተደርጓል። ፎቶግራፉን ያነሣው ኒኮላስ ሙሱራካ ብርሃን በመቈጠብ የተካነ ሰው ነበር። ጨለማ ኪራይ አይጠየቅበትም፤ የተዋሱትን ግድግዳም ይሸፍናል፤ ተመልካቹም የሚፈራውን ነገር በገዛ ራሱ ወጪ ይሠራዋል።

ከዚህ ፊልም እስከ ዛሬ በሲኒማ ሠራተኞች ዘንድ የሚነሣ አንድ ስፍራ አለ። አንዲት ሴት በሌሊት በሴንትራል ፓርክ አጥር ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች። የጫማዋ ተረከዝ ይሰማል። ከኋላዋ ደግሞ የሌላ ሰው ተረከዝ ይሰማል። ከመብራት ወደ ጨለማ፥ ከጨለማ ወደ መብራት ትሸጋገራለች። የኋለኛው ኮቴ በድንገት ይጠፋል። ሙዚቃ የለም። ትፈጥናለች፥ ዘወር ብላ ታያለች፥ ምንም የለም። በዚህ መካከል እንደ አውሬ ፉጨት ያለ ድምፅ ይፈነዳና አዳራሹ ሁሉ ይዘላል፤ ድምፁ ግን ከፊቷ መጥቶ የቆመው የአውቶቡስ ፍሬን ነው። ይህን የሰፋው ፊልም ቆራጩ ማርክ ሮብሰን ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ በሉተን ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን ማስደንገጫ ሁሉ «አውቶቡስ» ይሉት ጀመር። በገንዘብ ሲተመን አንድ አውቶቡስና አንድ ድምፅ ነው።

ፊልሙ የወጣበትን ገንዘብ ብዙ እጥፍ አድርጎ መለሰ፤ ሉተንም በ1943 ብቻ አራት ፊልሞች ለሕዝብ አቀረበ። ስለ ሁሉም ለመናገር ሰዓቱ አይበቃንም። «የነብሩ ሰው» በተባለው ውስጥ አንዲት እናት ልጇን በሌሊት ዱቄት ግዢ ብላ ትሰዳታለች፤ ልጅቱ እየጮኸች ተመልሳ በሩን ስትደበድብ እናትየዋ ፈርታ ያመካኘች ይመስላታል፤ ቈልፉ እስኪከፈት ከበሩ ሥር የሚገባው ደም ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው «ሬሳ ነጣቂው» ደግሞ አንዲት የመንገድ ዘፋኝ እየዘፈነች ወደ ጨለማ ቅስት ትገባለች፤ ጋሪው ይከተላታል፤ ሁለቱም አይታዩም፤ ዘፈኑ መካከል ላይ ቁርጥ ይላል። ሌላ ምንም የለም። እኛ ይህን ስፍራ በክበባችን ሦስት ጊዜ አይተነዋል፥ ሦስቱንም ጊዜ አዳራሹ ጸጥ ብሏል።

ስለ «የመንፈስ መርከብ» ግን ሳንናገር አናልፍም። የዚህ ፊልም መነሻ ታሪክ እንኳ አይደለም፤ ለሌላ ፊልም የተሠራ የመርከብ መድረክ በኩባንያው ግቢ ስለ ነበረ በሱ ላይ አንድ ነገር ይሠራ ተባለ። ርእሱን የሰማ ሰው መንፈስ ይጠብቃል፤ በመርከቡ ላይ ግን አንድም መንፈስ የለም። ያለው ካፒቴን ነው። ይህ ካፒቴን ለመርከበኞቹ ሕይወት ኀላፊ ስለ ሆንሁ በሕይወታቸው ላይ መብት አለኝ ብሎ የሚያምን፥ አነጋገሩ ለስላሳ፥ ለወጣቱ መኰንን እንደ አባት የሚመክር ሰው ነው። ወጣቱ መኰንን ሰውየው ነፍስ እንደሚያጠፋ ይደርስበታል፤ ወደብ ሲደርሱ ለኩባንያው ወኪል ይከሳል፤ መርከበኞቹም አንድ በአንድ ቀርበው ስለ ካፒቴናቸው ደግነት ይመሰክራሉ። ከዚያ ወጣቱ ወደዚያው መርከብ ይመለሳል፤ ማንም አያናግረውም። በ1943፥ ዓለም በጦርነት ላይ ሳለች፥ በ69 ደቂቃ ርካሽ ፊልም ውስጥ ስለ ሥልጣን እንዲህ ያለ ነገር ተነገረ። ፊልሙ ሲወጣ ግን ሁለት ጸሐፊዎች ሐሳቡ ከኛ ተወስዷል ብለው ከሰሱ፤ ረቱ፤ ፊልሙም ከገበያ ተነሥቶ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሳይታይ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ ያነሣውን ተቃውሞ እንጥቀስ። «እናንተ ድህነት ጥበብ ይወልዳል እያላችሁ ነው፤ ይህ ለባለ ገንዘብ የሚመች ስብከት ነው» አለን። እንዲህ አላልንም። ርካሽነት ብቻውን ጥበብ ቢወልድ ኖሮ በዚያ ዘመን የተሠሩት «ቢ» ፊልሞች ሁሉ ይታወሱ ነበር፤ ከብዛታቸው አንጻር የሚታወሱት ጥቂት ናቸው። ሉተንን የለየው አለቆቹ የሚቈጥሩትንና የማይቈጥሩትን ነገር ለይቶ ማወቁ ነው። የሚቈጥሩትን በታማኝነት አስረከባቸው። የማይቈጥሩትን ግን የራሱ አደረገና ሌሊት ሌሊት ሠራው። የእያንዳንዱን ፊልም ጽሑፍ የመጨረሻ ቅጂ በገዛ እጁ ያርም ነበር፤ በስም የወጣው ግን በሁለቱ ብቻ ነው፥ እሱም ካርሎስ ኪት በሚል የብዕር ስም። ከመካከላችን አብዛኞቹ ከዚህ ቤት ስንወጣ የምንገባው ርእሱን ሌላ ሰው ወዳወጣው ሥራ ነው፤ መምህር የምንሆነው መጽሐፉን አንመርጥም፥ ጋዜጠኛ የምንሆነው ዓምዱን አንመርጥም፥ መሐንዲስ የምንሆነው ባጀቱን አንመርጥም። ስለዚህ የዚህን ሰው ዕድል የሩቅ አገር ወሬ አድርገን ልንሰማው አልቻልንም።

የከፈለውንም ዋጋ መናገር ይገባል። በ1943 ኩባንያው ሉተንን ወደ «ኤ» ፊልም ከፍ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ቀጥሎ የሚሠራውን «ሰባተኛው ሰለባ» በብዙ ገንዘብ እንዲሠራው ፈቀደለት፤ ነገር ግን ዲሬክተሩ ልምድ ያለው ሰው ይሁን አለ። ሉተን ደግሞ ሥራውን ለማርክ ሮብሰን፥ ለዚያ አውቶቡሱን ለሰፋው ቆራጭ፥ አስቀድሞ ቃል ሰጥቶት ነበር። ከቃሌ ገንዘቡ ይቅር አለ፤ ፊልሙም በድሮው ባጀት ተሠራ። በሚቀጥለው ዓመት «የድመት ሰዎች እርግማን» ላይ ዲሬክተሩ ከተሰጠው ቀን በላይ ስለ ዘገየ በመካከሉ ተነሥቶ ሌላው ቆራጭ ሮበርት ዋይዝ ተተካ፤ እሱም የመጀመሪያ ሥራው ነበር። (ይህ ፊልም በርእሱ እርግማን ቢባልም ጓደኛ ስላጣች፥ አባቷ የምትናገረውን ስለማያምናት አንዲት ትንሽ ልጅ ነው። ሉተን ርእሱን ለመለወጥ ለመነ፤ አልተፈቀደለትም።) በዚያው ዓመት ስለ ወጣት ጥፋተኞች የሠራው ፊልም ያለ ፈቃዱ ተቈራርጦ ወጣ፤ ስሜን አውጡልኝ ቢልም አልሰሙትም። በኋላ ኩባንያው ቦሪስ ካርሎፍን፥ የፍራንከንስታይኑን ጭራቅ፥ ቀጥሮ ላከበት። ሉተን በመጀመሪያ ቅር አለው፤ ነገር ግን ሁለቱ ተግባቡና አብረው ሦስት ፊልሞች ሠሩ፤ ካርሎፍም ከጭራቅነት አውጥቶ ተዋናይ ያደረገኝ እሱ ነው ብሎ ኋላ መስክሮለታል።

በ1946 መጀመሪያ ከርነር ሞተ። ከርነር የጥበብ ሰው አልነበረም፤ ግን ፊልሙ ባጀቱን ከጠበቀ ሠራተኛውን ለቀቅ የሚያደርግ አለቃ ነበር፤ እንዲህ ያለው አለቃ በቀላሉ አይገኝም። የመጨረሻው «ቤድላም» በዚያው ዓመት ከወጣ በኋላ ሉተን አር ኬ ኦን ለቀቀ። ልቡም መታመም ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭርና የሚያሳዝን ነው። ወደ ፓራማውንት ሄደ፤ ወደ ሜትሮ ጎልድዊን ማየር ሄደ፤ ደመወዙ ከፍ አለ፤ ቢሮው ሰፋ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ግን የሠራው ሦስት ፊልም ብቻ ነው። በ«ኤ» ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ነበረው። ከሮብሰንና ከዋይዝ ጋር የግል ኩባንያ ለማቋቋም ተነጋግረው ነበር፤ ሁለቱ ግን እሱን ትተውት ሄዱ። እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ለኛ ይከብደናል፤ ያሳደገው ግን እሱ ነው። የመጨረሻውን ፊልም በዩኒቨርሳል ሠርቶ፥ ከስታንሊ ክሬመር ጋር አዲስ ሥራ በጀመረ ጊዜ ልቡ ተመታ፤ መጋቢት 14 ቀን 1951 በ46 ዓመቱ ሞተ። ሮብሰንና ዋይዝ ታላላቅ ዲሬክተሮች ሆኑ፤ በ1965 የወጣው «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሙዚክ» የዋይዝ ሥራ ነው። ገበያውም ፈረሰ። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ፊልሞቻቸውን በጅምላ አስገድደው ማከራየታቸውን ሕገ ወጥ አደረገ፥ ከሲኒማ ቤቶቻቸውም የሚለያዩበት መንገድ ተከፈተ፤ ቴሌቪዥን የቀረውን ወሰደ፤ አር ኬ ኦም በ1957 ፊልም መሥራቱን አቆመ። «የድመት ሰዎች» ግን በ1993 በአሜሪካ ሕዝባዊ መዝገብ ውስጥ ለትውልድ ከሚጠበቁ ፊልሞች ጋር ተመዝግቧል።

አሁን ወደ ዛሬው ፊልም እንለፍ። ርእሱ «ከዞምቢ ጋር ተጓዝሁ» ነው፤ በ1943 የወጣ፥ ዣክ ቱርነር የመራው ነው። ርእሱ ከአንድ የጋዜጣ መጽሔት ጽሑፍ የተወሰደ ሲሆን፥ ሉተን ከሥሩ ያስገባው «ጄን ኤር»ን ነው፥ የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪዎች የምታውቁትን። አንዲት ነርስ በካሪብ ባሕር ወዳለች ደሴት የአንድ ባለ ሸንኰራ እርሻ ሚስት ልታስታምም ትሄዳለች፤ ሚስቲቱ ትራመዳለች እንጂ አትናገርም፥ አታውቅም።

ነርሷ ከወደብ ወደ ቤቱ በጋሪ ስትሄድ ነጂው አንድ ሽማግሌ ጥቁር ነው። አያት ቅድመ አያቶቹን በሰንሰለት አስሮ ስላመጣው መርከብ በእርጋታ ይነግራታል። እሷም በቅን ልቡና፥ ያመጣችሁ ግን ውብ ወደ ሆነ አገር ነው ትለዋለች። እሱ እርስዎ ካሉ ይሁን የሚል ትሑት መልስ ይሰጣታል። እንግዲህ ይህን መልስ ስሙልን፤ በመላው ፊልም ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ቃል ያለ አይመስለንም። የዚያ መርከብ አፍንጫ የነበረው፥ በፍላጻ የተወጋ የቅዱስ ሴባስቲያን ምስል፥ ዛሬ በባለ እርሻው አጸድ ቆሞ ውሃ ይወርድበታል። በደሴቲቱ ልጅ ሲወለድ ይለቀሳል፥ ሰው ሲቀበር ይዘፈናል፤ ባርነት ያስተማራቸው ነው። የባለ እርሻውን ቤት ነውር በአደባባይ በዘፈን የሚያወጣው አዝማሪ ሰር ላንስሎት ይባላል፥ እውነተኛ የትሪኒዳድ ዘፋኝ ነበር። በዚያ ዘመን የሆሊውድ ፊልም ጥቁርን ሰው ሻንጣ ተሸካሚ ወይም መሣቂያ ከማድረግ እምብዛም አያልፍም ነበር። ይህም ፊልም ቢሆን ከነቀፋ የነጻ አይደለም፤ መካከለኛው ታሪክ የነጮቹ ነው፥ የጥቁሮቹም እምነት ለማስፈራሪያ ውሏል። በዚህ ላይ በውይይቱ ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ የክበባችንም አባላት ገና አልተስማማንም።

አንድ ልመና ብቻ ቀረን። በመካከሉ ነርሷ በሽተኛዋን እየመራች በሌሊት የሸንኰራውን እርሻ የምታቋርጥበት ክፍል አለ። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ነፋስ፥ የአገዳው ድምፅና ከሩቅ የሚመጣ ከበሮ ብቻ ነው። ማጉያችን ደካማ ስለ ሆነ በዚያን ጊዜ ወንበር እንዳታንቀሳቅሱ፥ ከኋላ ያላችሁም አሁኑኑ ወደ ፊት እንድትጠጉ እንለምናለን። ፊልሙ 69 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገሩት እኒያ የወቀሱን መምህር ናቸው፤ ጠይቀናቸው እሺ ብለውናል።